የሚጠጣው ካሞሚልና የሚረገጠው

ጤና ይስጥልኝ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

አበባው እንደ ሻይ ስለሚጠጣው ስለ ካሞሚል ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ልፋቱንም ከንቱ የሚያስቀርበት ነገር ስላለ ግን ከእሱ ልጀምር። ካሞሚል ተብለው የሚሸጡት ተክሎች ሁለት ናቸው፤ የጀርመን ካሞሚልና የሮም ካሞሚል። ሁለቱም ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ አበባ አላቸው፤ ሽታቸውም ይቀራረባል። ፀባያቸው ግን ለየቅል ነው። የጀርመኑ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ያድግና አብቦ፣ ዘሩን በትኖ በዚያው ዓመት ይሞታል። የሮሙ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሰፋል፣ ከዓመት ዓመትም ይቆያል። እና «ሻይም ልጠጣበት፣ ግቢዬንም እንደ ሣር ላልብስበት» ብሎ አንድ ፓኬት ዘር የገዛ ሰው ከሁለት አንዱ መቅረቱ አይቀርም።

መለያው ቀላል ነው። አንድ አበባ ቅጠፉና ቢጫውን እምብርት በጥፍራችሁ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ውስጡ ባዶ ከሆነ የጀርመኑ ነው። ድፍን ከሆነ ወይ የሮሙ ነው፣ ወይ ደግሞ ካሞሚል የሚመስል አረም ነው። አረሙን አሽታችሁ ትለዩታላችሁ፤ ወይ ይከረፋል፣ ወይ የካሞሚል ሽታ የለውም።

ለሻይ የምመክራችሁ የጀርመኑን ነው። ዘሩ እንደ ብናኝ ደቃቅ ስለሆነ አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ በትኑት፣ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ውሃውንም በስሱ እርጩለት፤ በባልዲ ካፈሰሳችሁበት ዘሩ ታጥቦ ጥግ ላይ ይከማቻል። ፍግ አታብዙበት። ፍግ የጠገበ ካሞሚል ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይጋደማል፣ አበባው ግን ያንሳል።

የመልቀሚያው ሰዓት ወሳኝ ነው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነጫጮቹ ቅጠሎች ጠፍጣፋ ሆነው ሲዘረጉ ልቀሙ። ወደ ታች ከታጠፉ አልፎበታል ማለት ነው፤ እነዚያን ለዘር ተዉአቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ይበቅሉላችኋል። የለቀማችሁትን ጥላ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት መዓዛው ተኖ ገለባ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሻዩ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ክዳን መርሳት ነው። ከ1 እስከ 3 ግራም ደረቅ አበባ ስኒ ውስጥ አድርጉ፣ የፈላ ውሃ ጨምሩበት፣ ክደኑት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት። ስትከፍቱት ክዳኑ ላይ የተንጠለጠሉትን ጠብታዎች መልሳችሁ ስኒው ውስጥ አራግፏቸው፤ የተነነው ዘይት እዚያ ነው ያለው። ስለ ዘይቱ ካነሳን አይቀር አንድ ጉድ ልንገራችሁ። የጀርመኑ አበባ በእንፋሎት ሲጣራ የሚወጣው ዘይት ሰማያዊ ነው! ካማዙሊን የሚባለው ሰማያዊ ነገር አበባው ውስጥ የለም፤ ማትሪሲን ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር በሙቀት ነው የሚፈጠረው።

ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት መቆየቱን መሠረት አድርጎ ለሆድ መነፋትና ለቀላል ቁርጠት፣ ለአፍና ለጉሮሮ ቀላል ቁስለት፣ እንዲሁም ለቀላል የቆዳ መቆጣት ተቀብሎታል። ሁሉም «ቀላል» ነው፤ ልብ በሉልኝ። እንቅልፍ ያመጣል የሚለው ወሬው እንጂ ማስረጃው ብዙ አይደለም። ዳሊያ፣ ክሪሳንተመም ወይም ሌላ የዚህ ቤተሰብ አበባ አለርጂ የሚቀሰቅስባችሁ ካላችሁ ባትሞክሩት ይሻላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱና እርጉዞች ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩት፤ የዋርፋሪኑ ጉዳይ ደም እስከማፍሰስ የሚያደርስ ስለሆነ ቀልድ የለውም።

አሁን ወደሚረገጠው ልለፍ። ለግቢ የሚሆነው የሮሙ ነው፣ ከእሱም ትሬኒግ የሚባለው ዝርያ። አያብብም፣ ስለዚህ ዘር የለውም፤ «የትሬኒግ ዘር» የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እየዋሻችሁ ነው። የሚራባው ሥሩን ከፋፍሎ በመትከል ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብትተክሉት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ችግኝ ይበቃል፤ በ10 ብታደርጉት ቶሎ ይገጥማል፣ ግን 100 ችግኝ ይፈጃል። ውሃ የሚቋጥር ጭቃማ መሬት ላይ አትድከሙ፣ ይበሰብሳል።

ለንደን የሚገኘው የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት መስክ ውስጥ ካሞሚል አለ፤ ይህን የሰማ ሁሉ ግቢውን በሙሉ ሊያለብስ ይነሳል። እኔ አልመክርም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ቦታ አይችልም። አረሙንም በእጃችሁ ነው የምትነቅሉት፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለው መድኃኒት ካሞሚሉንም አብሮ ይጨርሰዋል። በመንገድ ድንጋዮች መሐል ወይም በአግዳሚ ወንበር ሥር አንድ ካሬ ሜትር ትከሉና በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ማንም እንዳይረግጠው አድርጉ። ከዚያ በኋላ ወጣ ወጣ ያለውን በመቀስ እየከረከማችሁ፣ የሳሳውን ቦታ ከዳር በነቀላችሁት ቁራጭ እየሞላችሁ መቀጠል ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።