ሬልባስ ስትቀቡ ከውስጥ ጀምሩ

ሊያ፦ እሺ እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሄኖክ እንደተለመደው ጀርመን ነው፣ የዛሬውን ርዕስ የመረጠው እሱ ስለሆነ ቅሬታ ያለው ሰው በቀጥታ ለሱ ይጻፍ።

ሄኖክ፦ ማንም አይጽፍም ባክሽ። ሬልባስ ነው የምናወራው፣ ማለቴ ትልቅ ስኬል የሞዴል ባቡር ሬልባስ እንዴት ይቀባል፣ ዲቴይሉ እንዴት ይሰራል።

ሊያ፦ መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ሬልባስ ምንድነው በል።

ሄኖክ፦ በሀዲድ የሚሄድ አውቶብስ በይው። እኔ የማወራው ስለ ኡርዲንገኑ ነው፣ ጀርመኖች ሺነንቡስ የሚሉት ቀዩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገጠር ውስጥ ያሉት ትንንሽ መስመሮች ላይ ለጥቂት ተሳፋሪ በእንፋሎት ባቡር መመላለስ ኪሳራ ሆነባቸው፣ ከዛ ኡርዲንገን ያለው የፉርጎ ፋብሪካ ቀለል ያለ በናፍጣ የሚሰራ ነገር አወጣላቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ቪቲ 95ዎች በፈረንጅ 1950 ነው የወጡት፣ ቀጥሎ ቪቲ 98 መጣ፣ እሱ ከወለሉ ስር ሁለት የቡሲንግ ሞተር አለው እያንዳንዱ 150 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ሊያ፦ ፎቶውን ሳይ ግን አክስሉ ሁለት ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ ሁለት ብቻ፣ በመሀላቸው 6 ሜትር። ለዛ ነው የተሳፈረበት ሰው ሁሉ መነጠሩን የሚያወራው። ርዝመቱ 14 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ በ1 ለ 32፣ ማለት ከእውነተኛው 32 ጊዜ አንሶ፣ ሲሰራ 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በ1 ለ 22.5 ከሰራሽው ደግሞ 62።

ሊያ፦ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር! እሱማ የቡና ረከቦቴን ከጠረጴዛው ላይ ሊያስነሳኝ ነው። እሺ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ምን ላድርግ?

ሄኖክ፦ አሁን ሁሉም ሰው ምን ያደርጋል፣ ቀዩን ቀለም አንስቶ ውጪውን ይቀባል። የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሬልባስ ላይ ግማሹ አካል መስኮት ነው፣ በጎን መስኮት፣ በፊት መስኮት፣ በኋላ መስኮት፣ ሹፌሩ እንኳን ዝግ ክፍል የለውም ተሳፋሪው ከጀርባው ቁጭ ብሎ በፊት መስታወት መንገዱን ያያል። ስለዚህ ትልቅ ስኬል ላይ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚያርፈው ውስጡ ላይ ነው። ውጪውን በጣም አሳምረሽ ሰርተሽ ውስጡ የፋብሪካው የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ሆኖ ከቀረ መጫወቻ ነው፣ አለቀ። ውጪው መካከለኛ ሆኖ ውስጡ በደንብ ከተሰራ ግን ሰው ጎንበስ ብሎ አጮልቆ ያያል።

ሊያ፦ አሳመንከኝ ለማለት ትንሽ ቆይ። ውስጡ ምን ይቀባል?

ሄኖክ፦ መጀመሪያ ጥቁር።

ሊያ፦ ጥቁር? ባቡር ውስጥ?

ሄኖክ፦ የግድግዳውን እና የጣሪያውን የውስጥ ገጽታ ነው። ምክንያቱም በኋላ ኤልኢዲ መብራት ታስገቢያለሽ፣ ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ በግድግዳው አልፎ ባቡሩ በሙሉ ይበራል፣ በተለይ ማዕዘኖቹ ጋ ያስጠላል። ጥቁሩ ብርሃኑን ያግደዋል፣ እሱ ላይ ደግሞ ነጭ ወይ ክሬም ትደርቢያለሽ፣ በቃ ውስጡ ብሩህ ይሆናል ውጪው አይበራም። ኤልኢዲውም ቢጫ ወደሚያደላው ይሁን፣ ያ ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ የሞባይል ሱቅ ነው የሚያስመስለው።

ሊያ፦ ወንበሮቹስ?

ሄኖክ፦ ወንበሮቹ ሰው ሰራሽ ሌዘር ናቸው፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ማት፣ ማለት የማያንጸባርቅ፣ አታድርጊያቸው፣ ትንሽ የምታንጸባርቅ ቫርኒሽ ትፈልጋለች። ወለሉ ግን ድርቅ ያለ ማት። መሀል መተላለፊያው ላይ ጫማ ያነጣውን ትንሽ ፈዘዝ አድርጊው፣ በወንበሮቹ ስር ደግሞ ጠቆር። ሌላው የምወደው ነገር የወንበሩ መደገፊያ ወደፈለጉት አቅጣጫ ይገለበጥ ነበር፣ ባቡሩ ተርሚናል ደርሶ ሲመለስ ተሳፋሪው ገልብጦ ፊቱን ወደሚሄድበት ያዞራል። ስለዚህ አንድ ሁለቱን በተቃራኒው አድርጊያቸው፣ ሰው የተጠቀመበት ባቡር ይመስላል።

ሊያ፦ እሺ ይሄ ደስ ይላል። አሁን ወደ ቀዩ። እዚህ እኔም የማውቀው አለ፣ አጎቴ ጋራዥ ነው ያደግኩት። ቀይ ቀለም አስቸጋሪ ነው፣ አይሸፍንም፣ ከስሩ ያለው ሁሉ ይታያል። ባትላሜራው ስቱኮ የሞላበት ቦታ ላይ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚነፋው መደብ፣ ሳይነፋ ቀይ ከተነፋ ልክ ያ ስቱኮ ያለበት ቦታ በሌላ ቀለም ይወጣል።

ሄኖክ፦ በትክክል፣ ሞዴሉም ላይ ያው ነው። ነጭ ፕራይመር ላይ ስትነፊው ቀዩ ይጮሃል፣ ጥቁር ግራጫ ላይ ደግሞ ይሞታል። የሺነንቡሱ ቀይ ደግሞ ጠቆር ያለ ነው፣ ራል በሚባለው የቀለም መለያ ቁጥሩ 3004 ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ። እኔ መካከለኛ ግራጫ ፕራይመር ነው የምመርጠው። ከዛ በፊት ግን አካሉ በለብ ያለ ውሃ እና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠብ፣ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለው፣ የሰው ጣትም አለ፣ ቀለሙ የማይዘው በዛ ነው።

ሊያ፦ ኤርብራሽ፣ ያቺ በአየር ግፊት ቀለም የምትነፋው ብዕር መሳይ ነገር፣ ነው ወይስ እስፕሬይ ጣሳ?

ሄኖክ፦ ጣሳም ይሆናል፣ ግን ትልቅ ስኬል ቢሆንም ጣሳው ወፍራም ነው የሚነፋው፣ የበር ማጠፊያዋን እና ትንንሽ ሪቬቶቹን ይደፍንብሻል። ኤርብራሽ ካለሽ ቀለሙን እንደ ወተት ቀጠን አድርጊው፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ፣ መስኮት ክፍት አድርጎ ማስክም አድርጎ፣ ይሄን ማንም ያውቀዋል አልደግመውም። ቀለሙን ለማፍካት ግን ነጭ አትጨምሪበት፣ ሮዝ ይሆናል። ብርቱካናማ ወይ ትንሽ አሸዋ መሳይ ቀለም ነው የሚጨመረው።

ሊያ፦ ለምን ይፍካ? የራል ቁጥሩ ካለ እሱኑ ገዝቶ መንፋት ነው እንጂ።

ሄኖክ፦ ብዙ ሰው እንደዛ ይላል፣ እውነተኛው ቀለም ነው ይልሻል። ግን 14 ሜትር ባቡር ላይ ያለ ቀለም 44 ሳንቲ ሜትር ላይ ስታደርጊው ጠቆር ብሎ ነው የሚታይሽ። ትልቁን ባቡር ራቅ ብለሽ በቀን ብርሃን ነው ያየሽው፣ ሞዴሉን ቤት ውስጥ በአምፖል ነው የምታይው። ደግሞ ሲያገለግል ቀዩ ጸሐይ ላይ ይነጣል፣ ዱቄት ዱቄት ይላል። ስለዚህ ትንሽ ማፍካት ማጭበርበር አይደለም።

ሊያ፦ መስኮቶቹን ግን አውጥተህ ነው አይደል የምትቀባው?

ሄኖክ፦ የሚወጡ ከሆነ ሁሌም። የሚመለሱትም በመጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ማት ቫርኒሽ መስታወት ላይ ካረፈ ጭጋግ ነው። እና እባካችሁ በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፣ ትነቱ ብቻውን ፕላስቲኩን ነጭ ያደርገዋል። ነጩ የእንጨት ኮላ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ ነው።

ሊያ፦ ቁጥሮቹ እና ጽሁፉስ? በእጅ አይጻፍ መቼም።

ሄኖክ፦ ዲካል ነው፣ በውሃ የሚለጠፈው። ማት ቀለም ላይ በቀጥታ ከለጠፍሽው ከስሩ አየር ይይዝና ዙሪያው የብር ቀለም መስሎ ያብለጨልጫል። መጀመሪያ ግሎስ ቫርኒሽ፣ ከዛ ዲካሉ በማለስለሻው ፈሳሽ፣ ሲደርቅ ሁሉንም ማት ወይ ግማሽ ማት ታለብሽዋለሽ። እና ዘመኑን አትርሱ፣ የጀርመን ባቡር በፈረንጅ 1968 ቁጥሩን ቀይሯል፣ ቪቲ 98 የነበረው 798 ሆነ። አሮጌ ቁጥር ለጥፈሽ ከአዲሱ ዘመን ፉርጎ ጋር ካሰለፍሽው የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነግርሻል፣ ሳትጠይቂውም።

ሊያ፦ አሁን የምጣላህ ነገር ላይ ደረስን፣ ቆሻሻው። እኔ ባቡር ቆሽሾ ነው ደስ የሚለኝ። ዝገት፣ ጥቀርሻ፣ ዘይት።

ሄኖክ፦ ሊዬ፣ የጭነት ፉርጎ ከሆነ እሺ። ይሄ ግን ሰው የሚጭን ነው፣ ይታጠባል። ማጠቢያ ብሩሹ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ንጹህ ነው፣ ያልደረሰበት ነው የሚጠቁረው። ጎኑ ላይ ሪቬቶቹ ስር እና በሮቹ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ዋሽ፣ ማለት በጣም የቀጠነ ቀለም፣ እሱም በኢናሜል ወይ በዘይት ቀለም የተሰራ፣ ከስሩ ያለው አክሪሊክ ቫርኒሽ ስለሆነ ካልወደድሽው በቀለም ማቅጠኛው በዋይት ስፒሪት ታጠፊዋለሽ። በቃ።

ሊያ፦ በቃ? ከስርስ?

ሄኖክ፦ ከስር እንደፈለግሽ ሁኚ! እዛ ነው ሀብቱ። የፍሬኑ ብረት እየተፈገፈገ የሚረጨው ቡናማ ዝገት ዱቄት ጎማው ዙሪያ፣ ሞተሮቹ ስር ጥቁር ዘይት የሚያብለጨልጭ፣ የናፍጣ መሙያው አፍ ስር የፈሰሰ መስመር፣ የጭስ ማውጫው ጋ ጥቀርሻ። ለዚህ ደረቁ የፒግመንት ዱቄት ምርጥ ነው። ብቻ የጎማው ሀዲድ የሚነካው ፊቱ እና ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ብረቶች ላይ ቀለም እንዳይደርስ፣ ያኔ ባቡሩ አይሄድም ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሊያ፦ እሺ ከስሩ ከተፈቀደልኝ ታርቄያለሁ። አንድ አድማጭ ግን ምን ብሎ ጠይቋል፣ የኛን ሀገር ባቡር መስራት ብፈልግ በየትኛው ስኬል ነው?

ሄኖክ፦ ኡፍ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በትልቅ ስኬል የተለመደው ሀዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤልጂቢ የሚባለው የሞዴል ባቡር ብራንድ በፈረንጅ 1968 ሲጀምር የመረጠው እሱን ነው። የድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመር፣ በፈረንጅ 1917 ለገሃር የደረሰው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አንድ ሜትርን ለ22.5 አካፍይው፣ 44.4 ይመጣል፣ ማለት ሀዲዱ ላይ ልክ ይቀመጣል። የሚገርመው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ32 ስታካፍይው እሱም ወደ 45 ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱን በሁለት ስኬል እዛው አንድ ሀዲድ ላይ ማስኬድ ትችያለሽ።

ሊያ፦ አንተ! የአስመራው ሊቶሪናስ?

ሄኖክ፦ የፊያቱ ሬልባስ፣ ከአስመራ ምጽዋ ይወርድ የነበረው። እሱ 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ22.5 ሲካፈል 42 ምናምን ይሆናል፣ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳን አትሞላም ልዩነቷ። ለሱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነገር አልጠብቅም፣ አካሉን ከፕላስቲክ ሉህ ቆርጠሽ ወይ በ3ዲ ፕሪንተር አውጥተሽ ነው፣ ፕሪንት ከሆነ ደግሞ መስመር መስመሩን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት አለብሽ። አቀባቡ ግን አሁን እንዳወራነው ነው፣ እሱም መስኮቱ ብዙ ነው።

ሊያ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሰዎች። ባዶ ባቡር ያሳዝናል።

ሄኖክ፦ ለ1 ለ 32 ቀላል ነው፣ 54 ሚሊ ሜትር የሚባሉት የድሮ የአሻንጉሊት ወታደሮች ስኬላቸው ለሱ በጣም ቅርብ ነው፣ ጠመንጃውን ትቆርጪና ሲቪል ታደርጊዋለሽ። እግራቸው ግን ወንበሩ መሀል አይገባም፣ ከጉልበት በታች ቆርጠሽ መጣል ነው፣ ከውጪ አይታይም። ችግሩ ማኪኒስታው ነው። ሬልባሱ በሁለቱም ጫፍ መንጃ አለው፣ እውነተኛው ሰውዬ ተርሚናል ሲደርስ ቦታ ይቀይራል፣ ያንቺው ደግሞ በኮላ የተለጠፈ ነው።

ሊያ፦ ስለዚህ ሲመለስ በጀርባው ነው የሚነዳው።

ሄኖክ፦ በጀርባው። አንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ማኪኒስታ ያስቀምጣል፣ እኔ አልወደውም፣ የተጣሉ ነው የሚመስሉት። እኔ በአንደኛው ጫፍ ሹፌሩን፣ በሌላኛው ጫፍ የፊት መስታወቱ ጋ የቆመ ልጅ ነው የማደርገው፣ ሲሄድ የኋላውን መንገድ የሚያይ ልጅ ነው።

ሊያ፦ ሲመለስስ?

ሄኖክ፦ ሲመለስማ ልጁ ነው የሚነዳው!

ሊያ፦ ሃሃሃ እሺ ትኬቴን መልስልኝ፣ ወርጃለሁ።