መቀስ የፈሩ አልበሞችና ፊልሞች

እንደምን አመሻችሁ! ስለ ሰሞኑ ሙዚቃና ፊልም የሚሰማህን አውራ ተብዬ ነው የቆምኩት። ሃያሲ ነኝ ብዬ አልኮፈስም። ብቻ አንድ አመል አለብኝ፤ ነገር ሲንዛዛ አልወድም።

በሸክላ ዘመን አንዱ ገጽ የሚይዘው 22 ደቂቃ ገደማ ነበር። ስለዚህ ሙዚቀኛው ወደደም ጠላም ይቆርጣል። የጃዙ ጥሩምባ ነፊ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እ.ኤ.አ. በ1959 ሲወጣ 5 ሙዚቃ ብቻ ነበረው፣ እኔ እስካሁን አልጠገብኩትም። ዛሬ ግን ማን ይቆርጣል? ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚደመጥበት ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተደመጠ ይቆጠራል፣ እንግዲህ ዘፈን በበዛ ቁጥር ቆጠራውም ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የቢዮንሴን አልበም «ካውቦይ ካርተር» እወደዋለሁ፣ አትጩሁብኝ! ግን 27 ትራክ ነው፤ መሃል ላይ ስደርስ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። በዚያው ዓመት ዘፋኟ ቢሊ አይሊሽ «ሂት ሚ ሃርድ ኤንድ ሶፍት»ን አወጣች። 10 ዘፈን ብቻ፤ አንዱንም ቀድማ ለብቻው አልለቀቀችም። ቁጭ ብዬ አንድም ሳልዘል ጨረስኩት፣ ከዚያ ደግሜ ከፈትኩት።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። ዳይሬክተሩን ስኮርሴዚን ማን ይደፍራል? እኔ ልድፈር። ፊልሙ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው። ክፉው ማን እንደሆነ ገና በጊዜ ነግሮን ሲያበቃ ያንኑ ሲያመላልስብን ይቆያል። ተዋናይዋ ሊሊ ግላድስቶን አልጋ ላይ ከዋለች በኋላማ ፊልሙም አብሯት ታመመ።

ርዝመት ብቻውን ጥፋት ነው እያልኩ ግን አይደለም። «ኦፔንሃይመር» 3 ሰዓት ነው፣ እኔ ግን ሰዓቴን አላየሁም። የአቶም ቦምቡ ሲፈነዳ ብርሃኑ ይቀድምና ድምፁ ይዘገያል፤ እስኪመጣ ድረስ ትንፋሽ ብቻ ነው የምትሰሙት። ዳይሬክተሩ ኖላን እዚያች ጋ ዝም ማለት ባይችል ኖሮ ትዕይንቱ ተራ ርችት ይሆን ነበር።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው። 105 ደቂቃ ብቻ። የናዚዎቹ የሞት ካምፕ የአውሽዊትዝ አዛዥ ሚስት ከካምፑ ግንብ ወዲህ አበባዋን ትንከባከባለች። ከግንቡ ወዲያ የሚፈጸመውን ግፍ ካሜራው አያሳየንም፣ ጆሯችን ግን ይሰማዋል፦ ተኩስ፣ ጩኸት፣ የማያቋርጥ ጉምጉምታ። እ.ኤ.አ. በ2024 የድምፅ ኦስካሩን ከ«ኦፔንሃይመር» ነጥቆ የወሰደው ያለምክንያት አይደለም። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ እንደልማዴ ሙዚቃ ልክፈት አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።