መሣሪያው የት እንዳለሁ ያውቃል

ሰላም ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በሳይክል ረጅም መንገድ ስለ መሄድ፣ በተለይ ስለ ጂፒኤስና ስለ መንገድ ዕቅድ ላወራችሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የትኛውን የጂፒኤስ መሣሪያ ልግዛ?» የሚል ነው። ጋርሚን ይሻላል? ዋሁ ይሻላል? ወይስ ስልኬ ይበቃኛል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ይህ መሪዬ ላይ የታሰረው ዕቃ በትክክል የሚያውቀው ምንድን ነው? የማያውቀውስ? ይህን የለየ ሰው በርካሽ መሣሪያም ሩቅ ይሄዳል። ያልለየ ደግሞ ውዱን ይዞም ይቸገራል።

ከሚያውቀው እንጀምር። ጂፒኤስ የሚያውቀው የት እንዳላችሁ ነው። በቃ። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ሳያቋርጡ ይናገራሉ። መሣሪያችሁ ይሰማል። ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይለካና ርቀቱን ያሰላል። ለዚህ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልገዋል። ሦስቱ ለቦታው ናቸው፤ አራተኛው የመሣሪያው ሰዓት እንዲታረም ነው። ልብ በሉ፣ መሣሪያችሁ ወደ ሰማይ የሚልከው ምንም ነገር የለም። ሰሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲም ካርድ ባይኖርም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ይህን ስናገር አሁንም የሚገረም ሰው ያጋጥመኛል። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ካርታው ስለሚጠፋ ጂፒኤሱም የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። ሰማያዊዋ ነጥብ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ናት፤ ከሥሯ ያለው ግን ባዶ ግራጫ ነው። የጎደለው ካርታው ነው። ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ዳውንሎድ ካደረጋችሁት ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ትችላላችሁ። ባትሪውም ይቆጠባል።

ስለ ትክክለኛነቱም አንድ ነገር ልበል። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ነበር። ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቆም አደረጉ። 100 ሜትር ማለት ለሳይክለኛ ቀልድ አይደለም። በተራራ ወገብ ላይ የላይኛውንና የታችኛውን መንገድ የሚለየው ርቀት ነው። ዛሬ መሪያችን ላይ የምናየው ጥቂት ሜትር ብቻ የሚስት ነጥብ ከዚያ ውሳኔ ወዲህ የመጣ ነው። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ የተባሉትን ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶችም አብረው ስለሚሰሙ በገደልና በጫካ ውስጥም ይሻላሉ።

እሺ። የት እንዳላችሁ ያውቃል። መንገዱን ግን አያውቅም። አስፋልቱ ተልጦ ኮረኮንች ሆኖ እንደሆነ አያውቅም። የጭነት መኪና ትከሻችሁን እየታከከ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ይሁን፣ ሰፊ ዳር ያለው ይሁን አያውቅም። ቀጣዩ ውኃ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ እንደሆነም አይነግራችሁም። ያ ሁሉ የሚመጣው ከካርታው ነው፣ ካርታው ደግሞ የሰው ሥራ ነው። አብዛኞቹ የሳይክል አፖች የቆሙት በ2004 እ.ኤ.አ. በተጀመረው፣ ማንም ሊያርመው በሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ በተባለ ነጻ ካርታ ላይ ነው። መንገዶቹን የሣሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ አካባቢ እያንዳንዱ ቀጭን መንገድ፣ ጠጠሩና አሸዋው ሳይቀር ተጽፎበታል። ሌላው ጋ አንድ ሰው ከሳተላይት ፎቶ አይቶ መስመር አሰመረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ስክሪናችሁ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስመር ሆነው ነው የሚታዩት።

አፑ ሁለት ነጥብ ስትሰጡት መስመር ያወጣላችኋል። ያንን መስመር ሳይመረምሩ መከተል ይከብደኛል። አንዳንዱ አፕ ብዙ ሰው የሄደበትን መንገድ ያስቀድማል። መልካም ሐሳብ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን እነዚያ ብዙ ሰዎች እነማን ናቸው? ምናልባት እሑድ ጠዋት፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ ባዶ ቀላል ሳይክል ይዘው የወጡ ናቸው። እናንተ ደግሞ ሻንጣ ጭናችሁ በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ነው የምትደርሱት። መንገዱ ያው ነው፣ ጉዞው ግን ሌላ ነው።

እኔ ሳቅድ ከመስመር አልጀምርም። ከውኃ ነው የምጀምረው። በመጀመሪያ ውኃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ካርታው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ቀጥዬ ምግብ፣ ከዚያ ማደሪያ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አያለሁ። ብዙ ጊዜ መንገዱ ራሱ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ አጭሩ መንገድ ቀኑን ሙሉ ውኃ የሌለው ሆኖ ይገኛል። መስመሩን የምስበው ከዚያ በኋላ ነው። ስቤ ስጨርስ ደግሞ አጉልቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ እሄድበታለሁ። ጊዜ ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር ከጉዞው ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል አንዱ ይህ ነው። ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ምሽቱ ሳላውቀው ያልቃል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዴ አፑ ከዋናው አስፋልት አውጥቶ በአንድ ሸለቆ የሚያሻግር አቋራጭ ሰጠኝ። 14 ኪሎ ሜትር ያሳጥራል፣ ያጓጓል። ካርታው ላይ ግን መንገዱ የተሰመረው በተቆራረጠ መስመር ነበር። ወደ ሳተላይት ፎቶው ቀየርኩ። መጀመሪያ ሁለት የጎማ ዱካ ይታያል፣ በመሃሉ ሣር በቅሏል። ትንሽ እንደሄደ አንዱ ዱካ ይደበዝዛል። ወንዙ ዳር ሲደርስ የሚታየው ነጭ ጠጠር ብቻ ነው። ማዶ ላይ ዱካው እንደገና ይጀምራል። ድልድይ ካለ ብዬ ጥላ ፈለግሁ። ይህን ያዙልኝ፦ ከላይ በተነሳ ፎቶ ድልድዩን ከመንገዱ መለየት ቢያቅታችሁ ጥላው ውኃው ላይ ወድቆ ብዙ ጊዜ ይታያል። እዚህ ጥላ አልነበረም። ሰው በበጋ ውኃውን እየረገጠ የሚሻገርበት ቦታ ነው ማለት ነው። የእኔ ጉዞ ደግሞ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነበር። መስመሩን ወደ አስፋልቱ መለስኩት።

ፎቶው ራሱም ቀን አለው። ከዓመታት በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ በደረቅ ወራት የተነሳም ሊሆን ይችላል።

ስለ ዳገት ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ፤ ሰውን ከምንም በላይ የሚያሳስተው ይህ ቁጥር ነው። አፑ «አማካይ 3 በመቶ» ይላችኋል። 5 ኪሎ ሜትር ላይ 150 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የመጀመሪያው 4 ኪሎ ሜትር ሜዳ ቢሆንና 150ው ሜትር በሙሉ በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ቢከመርስ? አማካዩ ያው 3 በመቶ ነው። እናንተ ግን ሻንጣ የጫነ ሳይክል ይዛችሁ 15 በመቶ ዳገት ፊት ቆማችኋል። ስለዚህ አማካዩን ተዉት። ገጹ ሥር ያለውን የከፍታ ሥዕል አጉሉና በጣም የቆመውን ኪሎ ሜትር ፈልጉ።

የከፍታው መረጃስ ከየት ይመጣል? ከትልልቆቹ ምንጮች አንዱ በ2000 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር በራዳር የሠራችው ልኬት ነው። በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ ለካች። አስደናቂ ሥራ ነው። ነገር ግን በልኬቱ ነጥቦች መካከል 30 ሜትር ገደማ ርቀት አለ። በገደል ወገብ ላይ የተቆረጠ መንገድ አስቡ። ከመንገዱ 30 ሜትር ወደ ጎን ብትሉ ወይ ገደሉ ሥር ናችሁ ወይ አናቱ ላይ ናችሁ። ስለዚህ አፑ ለጥ ያለውን መንገድ የሚወጣና የሚወርድ አድርጎ ይስለዋል። ዋሻ ሲያጋጥመው ተራራውን በላዩ የምትወጡት ይመስለዋል። ረጅም ድልድይ ላይ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ያወርዳችኋል። ሥዕሉ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ዳገት ካያችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ካርታውን እዩ። ሁለት አፖች ለአንድ መንገድ የተለያየ የዳገት ድምር የሚሰጡበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ድምሩን የማወዳድረው በአንድ አፕ ውስጥ ብቻ ነው።

መስመሩ አለቀ እንበል። አሁን ፋይል ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ጂፒኤክስ የሚባለው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሩት የሚባለው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ይይዛል፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ መሣሪያው ራሱ ይመርጣል። ትራክ የሚባለው ግን መስመሩን በሙሉ በተቀራረቡ ነጥቦች ይይዛል። እኔ ሁልጊዜ ትራክ ነኝ። ያን ሁሉ ምሽት ቁጭ ብዬ የመረጥኩትን መንገድ መሣሪያው በራሱ ሚዛን እንዲቀይርብኝ አልፈልግም። በዚሁ ምክንያት ከመስመር ስወጣ አዲስ መንገድ የሚያሰላውንም ነገር አጠፋዋለሁ። ከመስመር ከወጣሁ ይንገረኝ፣ ይበቃል። መመለሻውን ካርታ አይቼ እኔ እመርጣለሁ።

ፋይሉንም ቆራርጡት። አንዳንድ መሣሪያ ነጥብ ሲበዛበት ይንቀረፈፋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ደርሶ መልስ መንገድ ነው። መሄጃውና መመለሻው ሲደራረቡ መሣሪያው በየትኛው ላይ እንዳላችሁ ይምታታበታል፤ ገና ግማሽ ሳትደርሱ «ጨርሰሃል» ሊላችሁ ይችላል። መዞሪያው ላይ ቆርጣችሁ ሁለት ፋይል አድርጉት፣ ችግሩ አይኖርም።

መንገድ ላይ ስትሆኑ ነገሩ ይቀላል። ስክሪኔ ላይ መስመሩ፣ ርቀቱና ሰዓቱ ብቻ ናቸው ያሉት። ዝናብ ሲመጣ ስክሪኑን እቆልፋለሁ፤ ጠብታው እንደ ጣት እየነካ ገጽ ይቀይራል። ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን መንታ መንገድ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ በሌሊት የቆምኩበትን ጊዜ ነው። ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ መስመሬ በአንዱ ላይ ነው። ሳይክሉን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ካርታው አልዞረም። ወደ ቀኝ፣ አልዞረም። ያኔ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ጂፒኤስ ብቻውን ቦታን ነው የሚያውቀው። ወዴት እንደዞራችሁ የሚያውቀው ነጥቡ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው፣ ውስጡ ኮምፓስ ከሌለ በቀር። ሳይክሉን እየገፋሁ በግራው መንገድ ትንሽ እርምጃ ሄድኩ። ቀስቷ ዞረች፣ ከመስመሩም መራቅ ጀመረች። ተመልሼ ቀኙን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ መንታ ላይ ስደርስ ቆሜ ስክሪን ላይ አላፈጥም፤ ሄጄ አየዋለሁ።

ወረቀትም እይዛለሁ። ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ የሚባለውን የፈረንሳይ የሳይክል ጉዞ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ1891 እ.ኤ.አ. እንደ ውድድር ተጀመረ። ዛሬ በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ እስከ 90 ሰዓት የሚፈቀድለት ጉዞ ነው። ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ዓይነት ርቀት የሚሄዱ ሰዎች የመታጠፊያ ዝርዝር ይዘው ነበር የሚሄዱት። ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግራ፣ ስንተኛው ላይ ቀኝ። እኔ የምጽፈው ከዚያ ያነሰ ነው። ዋና ዋና ከተሞች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ውኃ ያለበት ቦታ። በአንድ ገጽ ያልቃል። ባትሪ ቢያልቅብኝ ያ ገጽ ያደርሰኛል። ባትሪ ባያልቅብኝም በእጄ የጻፍኩት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጣዩ ከተማ ማን እንደሆነ ለማወቅ ስክሪን አልነካም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጉዞ ስትመለሱ ያያችሁትን መልሳችሁ ካርታው ላይ ጻፉ። የደረቀ የውኃ ቧንቧ፣ የፈረሰ ድልድይ፣ አስፋልት ተብሎ ጠጠር ሆኖ የተገኘ መንገድ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማረም ከከበዳችሁ ቦታው ላይ ማስታወሻ መተው ትችላላችሁ፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያስተካክለዋል። መንገድ ላይ ሳላችሁ ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ቦታውን ከፎቶው ጋር እንዲመዘግብ ካደረጋችሁት እቤት ስትገቡ የት እንደነበር ለማስታወስ አትቸገሩም።

በሚቀጥለው ክፍል ከጎማው መዞር ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው ዳይናሞና ስለ ቻርጅ እናወራለን፤ በተለይ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲኬድ ኃይሉ ለምን እንደሚያንስና እኔ ለምን መጀመሪያ ፓወር ባንኩን እንደምሞላ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ። በሰላም ግቡ።