ድንኳኑ ሳይተከል እንድረስ

የእድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ እድርተኞች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ?

ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ጡሩንባው ተነፍቶ ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ እዝኑ በየሞሰቡ ሲገባ አይቻለሁ። ሰልስት እስኪወጣ አልተለያችሁኝም። ብድራችሁን በደግ የምመልስ ያድርገኝ። ዛሬ የቆምኩት ግን ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ልናገር ነው።

ሕመሟ ግሊዮብላስቶማ የሚባል የአንጎል ካንሰር ነበር። ከራሱ ከአንጎል ተነስተው አዋቂዎችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ወደ ጤናው የአንጎል ክፍል ሰርጎ ስለሚገባ በቀዶ ሕክምና ጨርሶ አይወጣም። ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩና ኪሞው ተሟልቶ እንኳ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከ15 ወር ገደማ በላይ አይቆዩም።

ሌላው ካንሰር ሰውነት ያከሳል፤ ይኼኛው ጠባይም ይነካል። ሲኒውን ለማለት «ቁልፉን አቀብለኝ» ትለኝ ጀመር። የዘጌ ቡናዋን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን ከጣደች በኋላ ቀጥሎ የሚደረገው ይጠፋትና ዝም ብላ ታየዋለች። ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው እንኳ አትነሳም። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ ልትጠይቃት በመጣች ጎረቤት ላይ ጮኸችባት። ጎረቤታችንም ከዚያ ወዲህ ቀረች። እዚህ ካለሽ ስሚኝ እህቴ፤ የተናገረሽ ሕመሙ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቷት፣ በጥርሷ መሃል ማንኪያ ሊያስገቡ የተሯሯጡ ነበሩ። ከፍቅር ነው፤ ግን ይጎዳል። በጎን ማስተኛት፣ የሚጎዳትን ነገር ከአጠገቧ ማራቅ፣ ሰዓት መያዝ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ጉርሻም እንደዚሁ። መጨረሻው የቀረበ ሰው ምግብ የሚተወው ሰውነቱ ስለማይፈልገው ነው። በግድ ያጎረስነው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይበቃል።

ጠበልም ወስጃታለሁ። የአንጎሏን እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ግን እንክብሉም አብሮን ሄደ።

«እንዳትነግራት፣ ተስፋ ትቆርጣለች» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ነገርኳት። ስላወቀችም ንስሐ አባቷን አስጠራች፣ ከእህቷ ጋር ታረቀች፣ የልጃችንን ነገር አደራ አለችኝ። ይህን ዕድል ከሰው መንጠቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

አስታማሚን የሚጨርሰው ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ጠያቂ አይጠፋም፤ ሌሊት ግን ማገላበጡም፣ ማጠቡም፣ መድኃኒቱም የአንድ ሰው ነው። ወንድ ሚስቱን አጥቦ ሲያለብስ ደግሞ «ሴት አትቀጥርም ወይ?» ይባላል። እኔ ሚስቴን በእጄ በማስታመሜ ደስ ይለኛል፤ እንቅልፍ ግን አልነበረኝም።

ከአርባዋ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ለመድኃኒቷ የሞላሁት የስልክ ደወል ሌሊት ሌሊት መጮኹን ቀጠለ፤ ለማጥፋት እጄ አልታዘዝ አለኝ። «በርታ፣ ወንድ አይደለህ?» ያለኝ ሁሉ አዝኖልኝ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ማታ ማታ ጣና ዳር ይዞኝ እየወጣ፣ ስሟን እየጠራ ስለሷ ያጫወተኝ ጓደኛዬ ነው። የሞተ ሰው ስም ፊቴ እንዳይነሳ የተጠነቀቁልኝ ሰዎች ይበልጥ ብቸኛ አደረጉኝ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ለቀብር እንደምንሰለፈው ሁሉ፣ ቤት ተኝቶ ለሚታመም እድርተኛም የሌሊት ተራ ይግባ። ሁለት ሁለት ሆነን እንደር፤ አስታማሚው ይተኛ። ከካዝናችን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ታማሚ መጓጓዣ ይመደብ። ከአርባ በኋላም ሐዘንተኛውን የሚጠይቅ ሰው በየተራ ይላክ። በመካከላችን ያሉ ነርሶች ሕመምተኛ እንዴት እንደሚገላበጥና እንደሚታጠብ ያሳዩን።

ዳኛችን፣ ሐሳቡን ለድምፅ አቅርቡልኝ። በአሁኑ ሰዓት ከእድራችን ተኝቶ የሚታመም ሰው ያለበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቤተሰቡ ከፈቀደ ሐሙስ ማታ እኔ አድራለሁ፤ አብሮኝ የሚያድር አንድ ሰው እፈልጋለሁ።