እስከ ሃምሳ የምትቆጥር ልጅ እና 4 ሲኒ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት አላችሁ። ዛሬ የምቀዳው ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው። እማዬና ልጄ ሚጣ ቤት ተኝተዋል፣ ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ናት። ድምፁ እንዳያስተጋባ በሩን ዘግቼ ጋቢ ሰቅያለሁ፤ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ግን ምን ላድርግ፣ ሐዋሳ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የምተዳደረው በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ላሚኔሽን፣ ፎቶ ኮፒ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ዋና ደንበኞቼ የኬጂ አስተማሪዎች ናቸው። የሚያመጡት ወረቀት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ በነጥብ የተጻፈ ሀ፣ በነጥብ የተጻፈ ሁ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር። ለ40 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 3 ገጽ። ማሽኑ ይተፋል፣ እኔ ቆጥሬ አስረክባለሁ፣ ብሬን እቀበላለሁ። ስንት ዓመት ስሠራው አንድ ቀን እንኳ ይሄ ወረቀት ልጁን ምን ያደርገዋል ብዬ አላሰብኩም። የራሴ ልጅ በቦርሳዋ ይዛው እስክትመጣ ድረስ።

ሚጣ አራት ዓመቷን አልፋለች። ኬጂ አንድ ናት። እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ... እንግዳ በመጣ ቁጥር መሐል ቤት አቁመን እናስቆጥራታለን፣ እንግዳው ያጨበጭባል፣ እኔ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

አንድ እሑድ እማዬ ቡና እያፈላች «ሚጣዬ፣ አራት ሲኒ አምጪልኝ» አለቻት። ሄደች። በሁለት እጇ ይዛ፣ በደረቷ ደግፋ፣ የቻለችውን ያህል ተሸክማ መጣች። ሰባት ናቸው። «አራት እኮ ነው ያልኩሽ» ስትላት ሲኒዎቹን አየች፣ እማዬን አየች፣ ከዚያ መቁጠር ጀመረች። «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር» ብላ ስትጨርስ ጣቷ ገና ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ቋንቋው መስሎኝ ነበር። «እሺ፣ ፎር ሲኒ ስጪኝ» አልኳት። አፈሰችና ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። ለካ ቁጥር መደርደርና ቁጥር ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መደርደሩ እንደ ዘፈን ነው፤ «እቴሜቴ» እንደሚባለው ማለት ነው፣ አፍ ይይዘዋል። ማወቁ ግን፣ እየቆጠርኩ መጨረሻ ላይ የጠራሁት ቁጥር የሁሉም ብዛት ነው ብሎ መረዳት ነው። ብዙ ልጅ ይሄን የሚይዘው አራት ዓመት ግድም ነው፣ አንዱ ቀደም ይላል፣ አንዱ ይዘገያል። እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ልጃችሁን ቁጠር አትበሉት። «ሦስት ስጠኝ» በሉት። እፍኝ ሙሉ ከሰጣችሁ ገና ዘፈኑ ላይ ነው ማለት ነው፤ አትደንግጡ፣ አትቆጡት።

እኛ ቤት ይሄን ያስተካከለው ቡናው ነው። እማዬ አራት አምጪ ማለቷን ተወችና «ለሚጠጣው ሰው ሁሉ አምጪ» አለቻት። አሁን ሥራው ሌላ ሆነ። ልጅቷ ሰው ታያለች። «አንድ ለእማማ፣ አንድ ለአባዬ፣ አንድ ለጎረቤታችን...» እያንዳንዱ ሲኒ ባለቤት አለው። አንዱ ቢጎድል ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አለ፣ ቢተርፍ ረከቦቱ ላይ ብቻውን ይቀራል። እኔ ልሳሳት ብል እንኳ ስኳር የምትሰጠው እሷ ስለሆነች ታውቃለች። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ነው፤ ማንም ትምህርት ነው ብሎ አልነገራትም እንጂ። ሁለት ሲኒ ተሰብሯል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

ቆይ፣ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ሱቅ ውስጥ እስክሪብቶ ስደረድር አብራኝ ትሆናለች፣ አሥር አሥሩን በላስቲክ እናስራለን። «አሥር እሰሪ» ስላት ትስቃለች። አንድ ቀን አንድ እስር እስክሪብቶ ይዛ፣ አጠገቡ አንድ ነጠላ አስቀምጣ፣ «አሥር... አንድ» አለች። ዝም ብላ ትንሽ ቆየችና «አሥራ አንድ!» ብላ ጮኸች። ቁጥሩ እኮ ራሱ ይናገራል። አሥር እና አንድ። አሥራ ሁለት፣ አሥር እና ሁለት። ኢለቨን ውስጥ ግን ቴንም የለ፣ ዋንም የለ፤ በቃ ኢለቨን ነው፣ ሸምድደው። እኛ ደግሞ ልጁ እንዲራቀቅ ብለን አሥራ አንድን ከአፉ ነጥቀን ኢለቨንን እናስይዘዋለን። እንግሊዝኛ አይማር አላልኩም፣ ይማር፤ ብቻ መጀመሪያ የሚገባውን ቋንቋ አትውሰዱበት ነው የምለው። ሃያ ላይ ስትደርሱ የኛም ይበላሻል፣ እውነት ነው፤ ሃያ ውስጥ ሁለት የለም። እሷ ግን እስከ አሥራ ዘጠኝ ከገባት በኋላ ሃያ ላይ ሁለት እስር እስክሪብቶ አንስታ አሳየችኝ፣ አበቃ። ግቢው ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ደግሞ በሲዳሙ አፎ ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ ትላለች። ስትፈልግ ሦስቱንም ትቀላቅላለች። ይሁን።

ሌላው ጣት ነው። የአራት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና ተሠርተው አላለቁም፣ ከፊላቸው ለስላሳ ናቸው። እርሳስ አጥብቆ ይዞ ሦስት ገጽ ነጥብ መከተል ለዚያ እጅ ከባድ ሥራ ነው። ሚጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እጇን ታራግፍ ነበር። አስተማሪዋን ላናግር ብሄድ «ወላጅ ነው ብዙ ስጡልን የሚለን» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ወረቀቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ።

እና ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለች? ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አተር እሸት ስናገኝ ትፈለፍላለች። ጨርቅ ትጨምቃለች፣ ውሃው ክንዷ ላይ እየወረደ። ምስር ትለቅማለች፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዷን ጠጠር ለይታ ስታነሳ እጇን ብታዩ እርሳስ የሚይዝ እጅ ነው። ከእማዬ ጋር ስለምትውል ደግሞ ቃሉን ትይዘዋለች፤ መንፋት፣ ማበጠር፣ ማንገዋለል፣ መልቀም። እኔ እስከዛሬ የማበጠርና የማንገዋለል ልዩነት ተምታቶብኛል፣ እሷ ታርመኛለች። ፊደሉንም ቢሆን ትሪ ላይ ዱቄት በትነን በጣት እንጽፋለን፣ ሲበላሽ ትሪውን ነቅነቅ ነው። «መ መነጽር ይመስላል» ያለችኝ ያኔ ነው። እውነቷን ነው፣ እዩት።

አንዲት ደንበኛዬ ከስልኳ ዝርዝር አስወጥታ ላሚኔት አስደረገች። የሞንቴሶሪ ነው አለችኝ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባለው ጣሊያናዊት ሐኪም በ1907 እንደ ፈረንጆቹ ሮም ውስጥ ለድሃ ሠፈር ልጆች የመጀመሪያዋን ቤት ከፈተች፤ ልጆቹ ውሃ እየቀዱ፣ ጠረጴዛ እያጠቡ፣ ልብስ እየቆለፉ ይማሩ ነበር። ዝርዝሩን ሳነብ «ከማሰሮ ወደ ብርጭቆ ውሃ መቅዳት» ይላል። ሳቄ መጣ። እኛ ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ይዞ መቆም የማን ሥራ ነበር? በአንድ እጅ ማንቆርቆሪያ፣ ፎጣው ትከሻ ላይ፣ ውሃው ቀጠን ብሎ እንዲወርድ፣ የሰውየው ልብስ ላይ እንዳይረጭ፤ ከታላቅ መጀመር፣ ጎንበስ ማለት። አሁን ቧንቧ አለና ልጁን ቁጭ አድርገን ካርቱን ከፈትንለት።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። ነገሩ ሲገባኝ ጊዜ አበድኩ። ሁሉን ነገር ትምህርት አደረግሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንገዛ ስንሄድ መንገዱን በሙሉ፦ ስንት ባጃጅ አለፈ? ይሄ ምን ቀለም ነው? የቱ ዛፍ ይረዝማል? ከገባን በኋላም፦ ይሄ ዓሣ ምን ይባላል? ስንት ክንፍ አለው? ልጅቷ ቆማ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባዬ፣ አንተ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

[ሳቅ]

ምን ይባላል! አጠገቤ ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ስንት ነው ባልኳት ቁጥር «አንተ ቁጠረው» ነበር መልሷ። እማዬ ጉዳዩን ስትሰማ፣ «እኔ ምስር ሳስለቅማት ጠይቄያት አላውቅም፤ ምስሩ ለወጥ ነው» አለችኝ። ምስሩ ለወጥ ነው። ይቺን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሳብላላት ቆየሁ። ልጅቷ ሲኒ የምታመጣው ሰው ቡና ስለሚጠጣ ነው። እኔ ሲኒውን ፈተና ሳደርገው፣ ያቺው የነጥብ ወረቀት በሌላ በር ገባች ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አፌን ዘጋሁ። ከባድ ነው፣ ሞክሩት። ዝም ስል ጠያቂዋ እሷ ሆነች። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ጀልባው አጠገብ ቆሞ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፣ ከሷ ይረዝማል፤ ሄዳ ልትለካካው ስትል እጇን ያዝኩ። አምባዛ ጢም እንዳለውና ቅርፊት እንደሌለው ራሷ አይታ፣ «ይሄኛው ልብስ የለውም» አለች፤ ቆሮሶው ቅርፊት አለው፣ ስለዚህ ልብስ አለው። ከዚያ ሐይቁን አይታ፣ «ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አሪፍ ነው፣ ምክንያቱም በወንዝ የትም አይሄድም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ለምን ሞልቶ ከተማው ላይ አይፈስም? መልሱን አልነገርኳትም። ቤት ስንደርስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውሃ አድርገን፣ የውሃውን ልክ በማርከር አሰመርንና ግቢው ውስጥ ያለው ግንብ ላይ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። በማግሥቱ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሮጣ ሄደች። ውሃው ከመስመሩ ወርዷል። «ማን ጠጣው?» አለች። ድመት ናት ብላ ጠረጠረች፤ ስለዚህ ወንፊት ገልብጣ ከደነችው፣ የሷ ሐሳብ ነው። አሁንም ወረደ። በሦስተኛው ቀን ሦስት መስመር አለ፣ ሳህኑ ሊደርቅ ነው። ምሳ ላይ እየበላች ድንገት፣ «ፀሐይ ናት» አለች። ዝም ብላ ጎረሰች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሐይቁንም እየጠጣችው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አዎ፣ ትልቁ ጠጪ እሷ ናት» አልኳት።

ሁሌ እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። ደንበኛ ሲበዛ ስልክ እሰጣታለሁ። አብራኝ ሽንኩርት ስትልጥ የአሥር ደቂቃው ሥራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ትዕግሥቴ ሲያልቅ «በይ ውጪ» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ከሰልና ጀበና አጠገብ አትደርስም፣ ይሄ ድርድር የለውም። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ ደግሞ ባቄላና አተር ብቻውን አትስጡት፤ ወይ አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል ወይ ያንቀዋል፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሰው ደግሞ ያወራል። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ሆነህ ማድቤት ምን ታደርጋለህ» ይለኛል። ምስር እለቅማለሁ እለዋለሁ።

አንደኛ ክፍል የምትገባው በሰባት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ስንት ወጥ ይሠራል።

በሉ፣ መሽቷል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 120 ገጽ የነጥብ ፊደል የምትወስድ አስተማሪ ትመጣለች። አዎ፣ አባዛለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ሦስት ሦስት ገጽ እያደረገች የምትለየው ሚጣ ናት፣ ባለፈው አንድም አልተሳሳተችም። ስቴፕለሩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው። ደህና እደሩ።