የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጀምረው ከገንፎው ነው

(ለወረዳው የአጸደ ሕፃናት መምህራን፣ ወላጆች፣ የሃይማኖት አባቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በየቤቱም በየታክሲውም ወሬው እሱ ነበር። አንዱ መምህሩን ወቀሰ፣ ሌላው ስልኩን፣ ሌላው ፖሊሲውን። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እኔ ግን የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝና ሌላ ቁጥር ነበር ትዝ ያለኝ።

እነዚያ ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያው በ1997 አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቁመት ተለካ። 51 በመቶው ቀንጭረው ተገኙ፤ ማለትም ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በጣም ያንሱ ነበር። ልብ በሉ፣ ያኔ የተለካው ሕፃንና ፈተና ላይ የተቀመጠው ወጣት አንድ ትውልድ ናቸው።

የውጤቱ ምክንያት መቀንጨር ብቻ ነው አልልም። ግን በዚያ ሁሉ ክርክር መሃል ስለ ሕፃንነታቸው ምግብ ሲነሳ አልሰማሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅን ነበር። አጭር ሰው ምኑም አይጎድልም። ችግሩ፣ ልጁን እንዳያድግ ያደረገው የምግብ እጥረትና ተደጋጋሚ በሽታ አንጎሉንም ይጎዳል። ሕፃን ሁለት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚገነባው በማኅፀን ውስጥና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። እኛ ደግሞ ስለ ትምህርት ማሰብ የምንጀምረው ልጁ ቦርሳ ሲያነግት ነው።

መምህራን፣ ይህን እናንተ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ከኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ልጅ አለ። ጠዋት የተማረውን ፊደል ከሰዓት የሚረሳ አለ። «ፈዛዛ ነው» ይባላል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ይደክመዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። እባካችሁ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ምን በልቶ እንደመጣ ጠይቁ።

አንድ የቆየ ልማድም ላንሳ። ልጅ ለትምህርት መድረሱን ለማወቅ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን እንዲነካ ይደረግ ነበር። ካልነካ «ገና ነው፣ ለከርሞ ይምጣ» ይባላል። የቀነጨረ ልጅ በዚህ መለኪያ ዕድሜው ደርሶም ይመለሳል። ከገባም በኋላ መንገዱ ቀና አይሆንለትም። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የረሃብን ዋጋ ያሰላ ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ቀንጭረው ያደጉ ሰዎች ካልቀነጨሩት በአማካይ 1.1 ዓመት ያነሰ ትምህርት ነው የተማሩት።

ታዲያ ቤታችን ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

እስከ ስድስት ወር ብዙ እናቶች ጡት ብቻ በማጥባት ይበረታሉ። ልጁ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው በ2008 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በዓይነትም በመጠንም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰባት! ድህነት ትልቅ ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን ሁሉም ድህነት አይደለም። ጓሮ ዶሮ አለ፤ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ ልጁ ዳቦ በሻይ ይሰጠዋል። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ያግዳል። አባቶች፣ ገበያ የሚወጣውን በአብዛኛው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከእንቁላሉ ጥቂቱ ለሕፃኑ ይቅር።

አጥሚቱም ይቀጥናል። ለሕፃን ይከብደዋል እየተባለ ውሃው ይበዛል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በውሃ ከሞላች ለምግቡ ቦታ የለም። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን። እህልና ጥራጥሬ ተመጥኖ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ገብቶበት፣ ካሮት ወይም ጎመን ተፈጭቶ፣ ሲገኝ እንቁላል ተጨምሮበት። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ተከድኖ ይቀመጥ።

አሁን አባቶች ካህናት ፊት ስለ ጾም ልናገር ነው፤ በአክብሮት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አትለውም። ይህን እናቶችም ያውቃሉ። እናቲቱን የሚያስቸግራት ድስቱ ነው። ለልጁ እንቁላል ብትጠብስበት፣ ወተት ብታፈላበት፣ ፍስክ የነካውን ዕቃ ለጾም ምግብ እንዴት ትመልሰው? ስለዚህ ልጁም አብሮ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ደምሩት። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከዕድሜው ግማሽ ያህሉን እንዲህ ያሳልፋል።

መፍትሔው አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው፣ የሕፃኑ ብቻ የሆኑ። እኔ ይህን መቶ ጊዜ ብናገር፣ አንድ ካህን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጊዜ የሚናገረውን ያህል አይሰማም። ይህን ድስት ባርካችሁ ፍቀዱላት።

ምግብ ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። በጓቲማላ መንደሮች እስከ ሁለት ዓመታቸው ድረስ አቶሌ የሚባል የእነሱን አጥሚት፣ ገንቢ ሆኖ የተዘጋጀ፣ ያገኙ ወንዶች ካደጉ በኋላ የሰዓት ገቢያቸው ከሌሎቹ በ46 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ደግሞ የቀነጨሩ ሕፃናትን ሠራተኞች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እየጎበኙ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ያሳዩ ነበር። መጫወቻው ቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህን ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ስታጎርሱት አናግሩት። እሹሩሩ በሉት፣ የአፍንጫውን ስም፣ የጆሮውን ስም ንገሩት። ይህ ብር አይጠይቅም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። እኛም እዚህ ልንጀምረው ይገባል። የራበው ልጅ አይማርም። ቢሆንም ትምህርት ቤት የሚደርሰው ልጅ ያ ሁለት ዓመት አልፎታል። በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ የነበረው መቀንጨር በ2011 ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ ስለዚህ መቀነስ ይቻላል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሏል። ጊዜው እየደረሰ ነው።

የወረዳው ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጤና ኬላው የሕፃኑን ክብደት ይመዘግባል፤ አጸደ ሕፃናቱ ስሙን ይመዘግባል። ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው አያውቁም። በዚህ ወር ውስጥ የአጸደ ሕፃናት መምህራንንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልን። በዕድገቱ ወደ ኋላ የቀረው ሕፃን ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን ሄዶ እናቱን እንደሚያይ በስም ይነጋገሩ። እኔም እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።