የጋራ የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክቶች፦ ከምርቃቱ በኋላ ስላሉት ዓመታት

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፣

አንድ የጋራ ኃይል ማመንጫ ሲመረቅ ብዙ ሰው ይሰበሰባል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። እኔ ግን ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት የምፈልገው ከምርቃቱ በኋላ ስላሉት ዓመታት ነው፤ በተለይም አንድ ማለዳ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ከፓነሎቹ የሚመጣውን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ሥራ አቁሞ፣ መሣሪያውን የተከለው ድርጅት ተፈልጎ ሲታጣ፣ አባላቱም ከሊቀ መንበሩ ደጅ ቆመው መቼ እንደሚበራ ሲጠይቁ ስለሚመጣው ቀን ነው። የማኅበሩ ባለቤትነት እውነተኛ ይሁን በወረቀት ላይ የቀረ፣ የሚለየው በዚያ ቀን ነው። የጥገናው ገንዘብ በባንክ ካለ፣ የሚወስነው አካል ከታወቀ፣ የሚጠግነውም ሰው በቅርብ ከተገኘ ማመንጫው ሌላ አሥር ዓመት ይሠራል፤ ካልሆነ ግን ፓነሎቹ ፀሐይ እየመታቸው ምንም የማይሰጡ የመስታወት ሰሌዳዎች ሆነው ይቀራሉ።

«የማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ ፕሮጀክቶች ስም ላይ ተለጥፎ ይገኛል። መሬቱን ለማመንጫው ያከራየ ማኅበረሰብ አለ፤ ከአልሚው ኩባንያ በየዓመቱ ጥቂት ድጋፍ የሚቀበል አለ፤ በቅናሽ ታሪፍ የሚጠቀምም አለ። ሁሉም የየራሳቸው ጥቅም ስላላቸው አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን ባለቤትነት አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የታዳሽ ኃይል መመሪያ «የታዳሽ ኃይል ማኅበረሰብ» ለሚለው ስያሜ ሕጋዊ ትርጉም ሲሰጥ፣ አባልነቱ ክፍትና በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ ቁጥጥሩ በፕሮጀክቱ አቅራቢያ በሚገኙ አባላት እጅ እንዲሆን፣ ዋና ዓላማውም ከገንዘብ ትርፍ ይልቅ ለአባላቱና ለአካባቢው የሚገኝ ጥቅም እንዲሆን ደንግጓል። ከሦስቱ እኔ አጥብቄ የምይዘው ሁለተኛውን ነው፤ ቁጥጥሩ ከአባላቱ እጅ ከወጣ ዓላማውም ተከትሎት ይወጣልና።

የስሙ ነገር ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ በጀርመን በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በየብስ ላይ ለሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች የጨረታ ሥርዓት ሲጀመር፣ የዜጎች ማኅበራት በትላልቅ ኩባንያዎች እንዳይዋጡ ተብሎ የግንባታ ፈቃድ ሳይዙ እንዲጫረቱና ግንባታውንም ለማጠናቀቅ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። ሕጉ ማኅበሩ ቢያንስ አሥር ግለሰቦችን በአባልነት እንዲይዝና አብላጫው ድምፅ በአካባቢው ነዋሪዎች እጅ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት በተካሄዱት ጨረታዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን አቅም እነዚህ ማኅበራት አሸነፉ፤ ይሁን እንጂ ከአሸናፊዎቹ የብዙዎቹ ጀርባ ሲታይ በነፋስ ኃይል ንግድ ላይ የተሠማሩ አልሚ ኩባንያዎች ተገኙ። ያለ ፈቃድ የመጫረቱም መብት ብዙ ሳይቆይ ታገደ። አሥሩ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፣ ድምፁም በእነሱ ስም ነበር፤ ነገር ግን ጥናቱን የሚያዘጋጀው፣ ውሉን የሚጽፈውና ሂሳቡን የሚይዘው ሌላ ከሆነ እጅ ማውጣት ብቻውን ቁጥጥር ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ከኮፐንሃገን ወደብ ወጣ ብሎ በባሕር ውስጥ የቆመውን የሚድልግሩንደንን የነፋስ ማመንጫ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጠናቀቅ 20 ተርባይኖችና 40 ሜጋዋት አቅም ነበረው፤ አሥሩ ተርባይኖች የከተማው የኃይል ድርጅት፣ አሥሩ ደግሞ ከ8,000 በላይ አባላት ያሰባሰበ ማኅበር ንብረት ሆኑ። ማኅበሩ 40,500 አክሲዮኖች ሲሸጥ እያንዳንዱ አክሲዮን የተሰላው በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ከሚሆን ምርት ጋር ነበር። ይህ አቆጣጠር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ አባሉ የገዛውን ነገር በገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከሚፈጀው ኃይል ጋር እያነጻጸረ ያውቀዋልና። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን አንድ አክሲዮን ያለውም ብዙ ያለውም የሚሰጠው ድምፅ አንድ ነው፤ ይህም በእንግሊዝ የሮችዴል ከተማ ሸማኔዎች እ.ኤ.አ. በ1844 ካቋቋሙት ማኅበር ጀምሮ የኅብረት ሥራ ሁሉ ምሰሶ ሆኖ የቆየ መርህ ነው። ስለዚሁ ማመንጫ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ዕቅድ የታሰቡት 27 ተርባይኖች በሦስት ረድፍ የሚቆሙ ነበሩ። ነዋሪዎች በይፋ አስተያየት እንዲሰጡ በተጠየቁ ጊዜ ግን የባሕሩ እይታ እንዳይበላሽ አሳሰቡ፤ ቁጥሩም ወደ 20 ዝቅ ብሎ ሁሉም በአንድ የቀስት ቅርጽ እንዲሰለፉ ተደረገ። ጥያቄው የቀረበላቸው ግንባታው ሳይጀመር በመሆኑ ዕቅዱን ማስተካከል ተችሏል።

ረዘም ላለ ጊዜ ላቆያችሁ የምፈልገው ግን በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባለችው በትንሿ የኤግ ደሴት ላይ ነው። ነዋሪዎቿ 100 ገደማ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደሴቲቱ ከግል ባለሀብት ተገዝታ ነዋሪዎቹ በሚሳተፉበት የባለአደራ ድርጅት እጅ ገባች። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ባሕሩን ተሻግሮ አልደረሳትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በናፍጣ የሚሠራ የራሱን ጄነሬተር እያስነሣ፣ ጩኸቱንም ወጪውንም ችሎ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመነጨውን ኃይል በባትሪ ክምችት አስተሳስሮ ለደሴቲቱ ሁሉ የሚያዳርስ የጋራ ሥርዓት ሥራ ጀመረ፤ የናፍጣ ጄነሬተሮችም ለመጠባበቂያ ያህል ተቀመጡ።

የዚያን ሥርዓት ዕድሜ ያረዘመው በእኔ እምነት አንድ አጭር ደንብ ነው። ማንኛውም መኖሪያ ቤት በአንድ ቅጽበት ከ5 ኪሎዋት፣ ማንኛውም የንግድ ቤት ደግሞ ከ10 ኪሎዋት በላይ መሳብ አይችልም። ከዚህ የኃይል ጣሪያ ያለፈ ቤት ኃይሉ ይቋረጥበታል፤ መልሶ የሚቀጥለውም ከጥገናው ቡድን አንድ ሰው መጥቶ ነው፤ ለዚህም ይከፈላል። ውኃ ማፍያና ልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ ለማሠራት 5 ኪሎዋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ተራ ይጠብቃል። ኃይል በሚያንስበት ሰሞን ነዋሪዎቹ ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ ይነገራቸዋል፤ ሲተርፍ ደግሞ ትርፉ የጋራ ሕንፃዎችን ያሞቃል።

ይህ ጣሪያ የተጣለው በወር በሚፈጀው መጠን ላይ ሳይሆን በቅጽበት በሚሳበው ኃይል ላይ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አነስተኛ የጋራ ሥርዓቶችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ በተለይም በማታው ክፍል፣ ብዙ ኃይል የሚበሉ ዕቃዎችን አንድ ላይ ሲያበራ የሚፈጠረው ጫና ነው። ጫናውን ለመቋቋም ማመንጫውን ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ብቻ ለሚያስፈልግ አቅም የሚከፈለው ገንዘብ የሁሉንም ሰው ታሪፍ ከፍ ያደርገዋል። የኤግ ነዋሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚገዛበት ወሰን አበጁ። ወሰኑን ያበጁት ራሳቸው ስለሆኑ አክብረውት ይኖራሉ። ከውጭ የመጣ ኩባንያ ይህንኑ ደንብ ቢያውጅ ኖሮ በስንት አቤቱታ እንደሚጥለቀለቅ መገመት አያዳግትም።

ትርፍ አያስገኝም ተብሎ የተተወን ሥራ ነዋሪው ራሱ ሊወጣው እንደሚችል በትልቅ ስፋት የታየበትም ጊዜ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ሲቋቋም ኤሌክትሪክ ያገኘው ገበሬ ከአሥር አንዱ ያህል ነበር፤ የግል ኩባንያዎች ሩቅ ለሩቅ ለተበታተኑ ቤቶች መስመር መዘርጋት አያዋጣም ብለው ነበርና። መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ አበደረ፤ ገበሬዎቹም ማኅበር መሥርተው መስመሩን አዘረጉ፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ኤሌክትሪክ አገኙ። ያኔ የተቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። በጀርመን የሾናው ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቢል አደጋ በኋላ ተደራጅተው፣ ሁለት ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ አሸንፈው፣ በ1997 የከተማቸውን የኤሌክትሪክ መስመር ራሱን ገዙ። ፓነል መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው፤ መስመሩ የሌላ ሰው ከሆነ ኃይላችሁ በምን ዋጋና በማን ፈቃድ እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ ከመስመሩ ባለቤት ጋር የሚፈረመውን ውል እንደ ማመንጫው ሁሉ ተጠንቅቃችሁ እንድታዩት እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እመጣለሁ፤ ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ፀሐይ አትከፈልም፣ ነፋስ አይከፈልም የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ ኃይሉን ወደ ቤት የሚያመጣው መሣሪያ ግን ያረጃል። የፀሐይ ፓነል 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ኢንቨርተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ይኖርበታል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማል፤ የሊቲየም ባትሪ የተሻለ ቢቆይም እሱም ዘላለማዊ አይደለም። ይህ ማለት በፓነሎቹ ዕድሜ ውስጥ ኢንቨርተሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ባትሪዎቹ ደግሞ ምናልባት ብዙ ጊዜ ይቀየራሉ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ይመስላል፤ አባላትም የትርፍ ድርሻ ይከፈለን ብለው ይጠይቃሉ፣ በታሪፉ ላይ ቅናሽ ይደረግልን ይላሉ፤ ቦርዱም ደስ ሊያሰኛቸው ይፈልጋል። ያ ገንዘብ ግን ትርፍ አይደለም። ገና ያልተገዛው ኢንቨርተር ዋጋ ነው።

ስለዚህ የእርጅና ቅናሹ፣ ማለትም መሣሪያው እያረጀ ሲሄድ የሚያጣው ዋጋ፣ በሂሳብ መዝገብ ላይ ቁጥር ሆኖ ብቻ እንዳይቀር፣ በየወሩ ከሚሰበሰበው ክፍያ ላይ ተቀንሶ በተለየ የባንክ ሂሳብ እንዲገባ፣ ያለ ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔም ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት። የትርፍ ድርሻ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በልገሳ የተገነቡ ፕሮጀክቶች በተለይ ይህን ይዘነጋሉ፤ መሣሪያው በነፃ ስለመጣ ምትኩም በነፃ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ ለጋሹ ግን ብዙ ጊዜ ከባትሪው ቀድሞ ይሄዳል።

አክሲዮን መግዛት የማይችለውን ሰው በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአክሲዮኑ ዋጋ ከፍ ካለ የጋራ የተባለው ፕሮጀክት የባለገንዘቦች ይሆናል፤ ሌላው ነዋሪ ተርባይኑን ከሩቅ እያየ ሂሳብ ከፋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዋጋውን በትንንሽ ክፍያዎች መከፋፈል፣ የጉልበትና የሙያ አስተዋፅኦን በአክሲዮን መቁጠር፣ በአንድ አባል እጅ ሊከማች በሚችለው የአክሲዮን ብዛት ላይ ወሰን ማበጀት ይቻላል። ፓነል የሚተክሉበት የራሳቸው የቤት ጣሪያ የሌላቸው ተከራዮችም መንገድ አላቸው፤ የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሚኒሶታም በ2013 ባወጡት ሕግ መሠረት አንድ ሰው በሌላ ቦታ ከተተከለ የፀሐይ ማመንጫ ድርሻ ይዞ፣ ድርሻው ያመነጨው ኃይል ከወርሃዊ የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ላይ እንዲቀነስለት ተፈቅዷል። ይህ አሠራር መስመሩን የያዘው ድርጅት እንዲተባበር የሚያስገድድ ሕግ ይፈልጋል፤ ያለ ሕግ በመልካም ፈቃድ ብቻ የሚዘልቅ አይመስለኝም።

በመጨረሻም ስለ ሰዎቹ። የጋራ ማመንጫ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ትጉህ ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ያለ ክፍያ፣ ሌሊት ሲጠሩ እየተነሡ፣ ዓመታት ያገለግላሉ፤ ከዚያ ይደክማሉ፣ ወይም ይሄዳሉ፣ እውቀቱም አብሯቸው ይሄዳል። ቆጣሪ የሚያነብበው፣ የባትሪ ክፍሉን የሚከታተለውና ሂሳብ የሚይዘው ሰው መጠነኛም ቢሆን ሊከፈለው ይገባል፤ ከእያንዳንዱም ሙያተኛ ሥር አንድ ተማሪ ሊኖር ይገባል። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ብቻ በቂ ነው ብሎ ማሰብ ግፍ ነው እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ ከሻጮች የቀረቡላችሁን የዋጋ ማቅረቢያዎች ከመክፈታችሁ በፊት፣ በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጥያቄዎች እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ፦ ኢንቨርተሩ ባቆመ ቀን ማን ይጠራል? በስንት ቀን ውስጥ ይደርሳል? ክፍያው ከየትኛው ሂሳብ ይወጣል? መልሶቹን ለደንብ አርቃቂው ኮሚቴ አስረክቡ፤ እኔም ከኮሚቴው ጋር ሆኜ እስከ ማታ እጠብቃችኋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።